አዲሱ ሞተር አሮጌውን እንዳይከተል

(ስለ ልማት ፕሮጀክት ተሽከርካሪዎች አያያዝ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ብፁዓን አባቶች፣ የተከበራችሁ የወረዳ ቤተ ክህነትና የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎች፣ ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤና የልማት ኮሚቴ አባላት፤

የዛሬው ርእሳችን የናፍጣ ሞተር ነው። ከዐውደ ምሕረት ይልቅ ለጋራዥ የሚቀርብ ርእስ ቢመስልም፣ ምንጭ ለማጎልበት ቧንቧና ሲሚንቶ የሚጫንበት፣ ችግኝ የሚጓጓዝበት፣ ምጥ የጠናባት እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርስበት ፒክአፕ ሲቆም ምን እንደሚከተል ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። መኪናው በቆመበት ሳምንት ግንበኛው ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ሲሚንቶው በመጋዘን እርጥበት ይስባል፤ ለሕዝቡ የተቆረጠው ቀን ያልፋል። ቀን ያለፈበት ተስፋ ደግሞ መልሶ ለማቆም ከሞተር ይከብዳል።

ሞተር መቀየር ለአንድ አጥቢያም ሆነ ለአንድ ወረዳ ቤተ ክህነት ከፍተኛ ወጪ ነው። ገንዘቡም ከምእመናን አስተዋፅኦ ወይም ከፕሮጀክት በጀት የተገኘ አደራ ነው። ስለዚህ በዚህ ንግግር ልናስጨብጥ የምንወደው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ አሮጌው ሞተር የሞተበት ምክንያት ሳይታወቅና ሳይወገድ አዲስ ሞተር አይገጠም። ቀጥሎ የምንናገረው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ሞተሩ በእርግጥ ሞቷልን?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በብልጭታ አይቀጣጠልም። ፒስተኑ አየሩን አፍኖ ሲጨምቀው አየሩ እጅግ ይግላል፤ በዚያ ግለት ላይ ናፍጣው ሲረጭ ራሱ ይነድዳል። በገጠር መንገዶቻችን ዘወትር በምናየው በቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ላይ የተገጠመው 3ኤል የተባለው ባለ 2,779 ሲሲ ሞተር፣ የአየሩን መጠን ወደ ሃያ ሁለተኛ እጅ አሳንሶ ይጨምቀዋል። እንግዲህ የናፍጣ ሞተር ጤንነት የሚታወቀው በዚህ የመጨመቅ ኃይል፣ መካኒኮች ኮምፕሬሽን በሚሉት ነው።

ኮምፕሬሽን በመለኪያ ይለካል። ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ መለኪያው እየተገጠመ ይነበባል። የዚህ ዓይነት ሞተር ጤነኛ ሲሆን ወደ 30 ባር ይሰጣል፤ ወደ 20 ባር ከወረደ የድካሙ ምልክት ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ5 ባር የበለጠ ልዩነት መታየቱም እንዲሁ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። እነዚህ ቁጥሮች የተጻፉት ከባሕር ወለል ብዙ ላልራቀ ቦታ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በዚያ ከተማ 22 ባር ያነበበ ሞተር እንዳለቀ ተቆጥሮ ቢጣል፣ የሚጣለው ገና ብዙ የሚያገለግል ሞተር ሊሆን ይችላል። በደጋ አገር ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይታመናል።

የጭሱም ቀለም ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ከናፍጣው ጋር እየነደደ መሆኑን፣ ማለትም የፒስተን ፋሻው ወይም የቫልቩ ጎሚኒ መድከሙን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣን፣ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ የራዲያተር ውኃን ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ እንደሆነ ይነግረናል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ወይም ያረጀ ኖዝል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጣርማበርን ሲወጣ ጥቁር ጭስ ማውጣቱ ደግሞ ከፊሉ የከፍታው ጠባይ ነው። ኖዝል ማስመርመርና ፊልትሮ መለወጥ ከሞተር ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በመሆኑም ኮሚቴው «ሞተሩ አልቋል» የሚለውን ቃል ከመቀበሉ በፊት የልኬቱን ውጤት በጽሑፍ ይጠይቅ። ከተቻለም ሞተሩን በመሸጥም ሆነ በመግጠም ከማይጠቀም ሌላ መካኒክ ሁለተኛ ምስክርነት ይውሰድ።

የአሟሟቱ ምክንያት

ልኬቱ ሞተሩ ማለቁን ካረጋገጠ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ምን ገደለው የሚለው ነው። በአገልግሎት ብዛት ያረጀ ሞተር ዕድሜውን ጠግቦ እንደሞተ ሽማግሌ ነው። ያለ ዕድሜው የሞተ ሞተር ግን ገዳይ አለው፤ ገዳዩም ብዙ ጊዜ ከመኪናው አካል ሳይወጣ ተቀምጦ የሚመጣውን ሞተር ይጠብቃል።

የመጀመሪያው አቧራ ነው። የጠጠር መንገድ አቧራ ደቃቅ አሸዋ ነው፤ በፊልትሮው ጎን ወይም በተሰነጠቀ ቱቦ ሾልኮ ከገባ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላል። ምርመራው ቀላል ነው። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ ፈትቶ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ፣ የፊልትሮው ቤትና ቱቦው ሳይለወጡ የሚገጠም ሞተር ዕጣው ያው ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አንድ ቦታውን የማንጠቅሰው የልማት ፒክአፕ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሞተር ጨርሷል። የመጀመሪያው ሞተር ከመጠን በላይ ግሎ ቴስታታው ተሰነጠቀ። መኪናው የገባበት ጋራዥ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ፈጥኖ ገጠመ፤ ሥራው በመፍጠኑም ሁሉም ተደሰተ። ከአራት ወር በኋላ መኪናው ሲሚንቶ ጭኖ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ የሁለተኛው ሞተር ቴስታታ በተመሳሳይ ቦታ ተሰነጠቀ። ራዲያተሩ በዚያን ጊዜ ተፈትቶ ሲታይ ከቱቦዎቹ ግማሽ የሚሆኑት በዝገትና በውኃ ጨው ተደፍነው ተገኙ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል የሚያስወጣ መንገድ የተደፈነ ራዲያተርን አይምርም። ራዲያተሩን አስፈትቶ ማሳጠብ ቀድሞ የሚጠይቀው የሁለት ቀን ሥራ ብቻ ነበር።

ከዚሁ ጋር ሳንናገር የማናልፈው የቴርሞስታት ነገር ነው። «ሞተሩ እንዳይግል» ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በብዙ ቦታ የተለመደ ሆኗል። በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የማይሄደውን የውኃ መተላለፊያ አብሮ ይዘጋል። እርሱ ከሌለ ከውኃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ በቁልቁለትና በብርድ ሞተሩ ከሚገባው በታች ይቀዘቅዛል፤ ጭኖ አቀበት ሲወጣ ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ይግላል።

ሦስተኛው ናፍጣው ነው። ነዳጅ ማደያ በሌለበት ቦታ በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ውኃ ያቁራል፤ ውኃውም በበርሜሉ ሥር ይተኛል። ከበርሜሉ ሥር ተቀድቶ ወደ ታንከር የሚገባው ይኸው ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም ማለስለስ ስለማይችል ፖምፓውን ያደርቃል። በኋላ የመጡት 2ኬዲና 1ኬዲ የተባሉት በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ሞተሮች ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጩ፣ ለቆሻሻና ለውኃ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ስሶች ናቸው።

አራተኛው ዘይቱና ቺንጋው ነው። በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ሊለወጥ ይገባል። የታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው ሞተሮች ደግሞ አምራቹ ባዘዘው ኪሎ ሜትር፣ በ3ኤል ላይ በ100,000፣ ቺንጋው ሊቀየርላቸው ግድ ነው። ቺንጋው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ምን ዓይነት ሞተር ይገዛ?

ለኮሚቴው የሚቀርቡለት አማራጮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው አሮጌውን ሞተር ማደስ ነው፤ ሲሊንደሩ ተሞርዶ፣ ዋናው ዘንግ ተስተካክሎ፣ ፒስተኑ፣ ፋሻውና ብሮንዚኑ ይለወጣል። ብረቱ ካልተሰነጠቀና የታመነ የሞረዳ ቤት ካለ ይህ መልካም መንገድ ነው፤ የሞተሩ ቁጥርም ስለማይለወጥ የሰነድ ችግር አይገጥምም። ሁለተኛው ቴስታታውንና ፖምፓውን ከአሮጌው ወስዶ የታችኛውን ክፍል በአዲስ መተካት ነው። ሦስተኛው ከውጭ የመጣ ያገለገለ ሙሉ ሞተር መግዛት ነው፤ አራተኛው አዲስ ሙሉ ሞተር ነው።

ብዙ ኮሚቴዎች በዋጋው ምክንያት ወደ ሦስተኛው ያዘነብላሉ። ይህን የሚመርጡ ሁሉ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሞተሩ እዚያው ተነሥቶ እንዲታይ፣ ኮምፕሬሽኑ እንዲለካ፣ የዘይት ማስገቢያው ክዳን ተከፍቶ የሚተነፍሰው ጭስ እንዲመረመር፣ የሞተሩ ቁጥር እንዳልተፋቀ እንዲረጋገጥ ያድርጉ። ቆሞ የታየ ሞተር ያልታየ ሞተር ነው።

በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ከሃይኤስ ሚኒባስ የወጣ ነው። ሞተሩ በውስጡ ከፒክአፑ ጋር አንድ ዘር ቢሆንም በውጭው ይለያል። በአራቱም ጎማ የሚጎትት ፒክአፕ ከሞተሩ ሥር የፊት ዲፈረንሻል ስላለው፣ የዘይት ማጠራቀሚያው ድስት ለዚያ ቦታ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው። የሚኒባሱ ድስት እንዳለ ከተገጠመ ከዲፈረንሻሉ ወይም ከፊት አካሉ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ድስቱ፣ በውስጡ ያለው የዘይት መሳቢያ ወንፊትና ሞተሩን የሚሸከሙት ሱፖርቶዎች ከአሮጌው ሞተር ተፈትተው ወደሚገባው ሞተር መዛወር አለባቸው። ድስቱን ለውጦ ወንፊቱን የረሳ መካኒክ፣ መኪናው አቀበት ላይ ሲያጋድል ዘይት የማይስብ ሞተር ያስረክባችኋል።

በዓይነቱ የተለየ ሞተር ስለ መግጠምም ጥያቄ ይቀርባል። 3ኤልን በ5ኤል መተካት ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ በመሆናቸው ብዙ ችግር አያስከትልም፤ 5ኤል ባለ 2,986 ሲሲ ነው። በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሞተርን በቀድሞው መኪና ላይ መግጠም ግን ኮምፒዩተሩን፣ የሽቦ መረቡን፣ የነዳጅ መስመሩን፣ አልፎም የማርሽ ሳጥኑን ማያያዣ የሚያናጋ ሥራ ነው። በገጠር መንገድ ሲቆም የሚጠግነው አይገኝም። የእኛ ምክር መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ዓይነት ሞተር ይገጠም የሚል ነው።

ሞተሩ በወጣበት ጊዜ

ሞተሩ ወጥቶ ቦታው ባዶ ሲሆን በሌላ ጊዜ የማይደረስባቸው ክፍሎች በእጅ ይሆናሉ። የፍሪሲዮን ዲስኩና ግፊት ሰጪው፣ ኩሽኔታው፣ ከዋናው ዘንግ በስተኋላ ያለው የዘይት መከላከያ ጎሚኒ፣ የውኃ ፖምፓው፣ ታይሚንግ ቺንጋው፣ ቴርሞስታቱ፣ የራዲያተር ቱቦዎቹና ሱፖርቶዎቹ በዚህ ጊዜ ቢለወጡ ተጨማሪ የጉልበት ዋጋ አይጠይቁም። ከሦስት ወር በኋላ ፍሪሲዮን ቢያልቅ ግን ያው የጉልበት ዋጋ እንደገና ይከፈላል። ራዲያተሩና የናፍጣ ታንከሩም በዚሁ ጊዜ ወጥተው ይታጠቡ።

ስለ ሰው ደኅንነትም ጥቂት እንናገር። የዚህ ዓይነት ሞተር ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በገመድ ሰቅሎ ማውጣት በየቦታው ይታያል። ቁጠባ መስሎ የሰው እግርና እጅ የሚያስከፍል አሠራር ነውና፣ ሞተር ማንሻ በሌለበት ቦታ ይህ ሥራ አይጀመር።

አዲሱ ሞተር ሲገጠም ቁልፉ ወዲያው አይዞርም። ዘይቱና የራዲያተር ፈሳሹ ከተሞላ በኋላ፣ ናፍጣው ተዘግቶ ሞተሪኖው ለአጭር ለአጭር ጊዜ ይዞራል፤ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ። ደረቅ ብሮንዚን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይጎዳልና። ከዚያም በእጅ ፖምፓው ከናፍጣው መስመር አየሩ ወጥቶ ሞተሩ ይነሣል። ለታደሰ ሞተር የመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር የልምምድ ጊዜ ነው። ሙሉ ጭነት አይጫንበት፤ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ አይነዳ፤ ቆሞ ለሰዓታት እንዲሠራም አይተው። በዚህ ጉዞ መጨረሻ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ይለወጣል።

ሰነዱና አሮጌው ሞተር

ሞተር ሲቀየር የመኪናው ማንነት ከፊሉ ይቀየራል። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ በመሆኑ ለውጡ ለመዘገበው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሊገለጽና በሊብሬው ላይ ሊመዘገብ ይገባል። ለዚህም የግዥ ደረሰኙና ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ ወደ ሀገር መግባቱን የሚያሳየው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያስፈልጋል። እነዚህን ወረቀቶች የማይሰጥ ሻጭ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ዝቅ ቢል፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ሻጭ አይደለም። ቁጥሩ ያልተመዘገበ ሞተር ቦሎ ሲታደስ ያስቆማል፤ አደጋ በደረሰ ጊዜም ከመድን ድርጅት ጋር ያከራክራል።

በኮሚቴው በኩል ደግሞ የልኬቱ ውጤት፣ የአሟሟቱ ምክንያት፣ የቀረቡት የዋጋ ማቅረቢያዎችና የተመረጠው አማራጭ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ከጋራዡ ጋር የሚፈረመው ውል የሚለወጡትን ዕቃዎች በዝርዝር፣ ሥራው የሚያልቅበትን ቀንና የዋስትናውን ጊዜ ይያዝ። የወጣው ሞተርና የተለወጡት ዕቃዎች የቤተ ክርስቲያን ንብረት ናቸው። ተቆጥረው ይረከቡ፤ በንብረት መዝገብ ይግቡ፤ የሚሸጡም ከሆነ በደንቡ መሠረት በግልጽ ይሸጡ። አሮጌ ሞተር በዝምታ ጋራዥ ሲቀር፣ ምእመኑ የሚያስበው ስለ ሞተሩ ብቻ አይደለም።

ጊዜና ልማድ

ሥራውን የሚመች ጊዜ መምረጥም ከማስተዋል ነው። መንገድ በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ብዙ መኪኖች በግድ ይቆማሉ። ሞተሩ እያረጀ መሄዱ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ምርመራው በግንቦት ተደርጎ፣ ግዥው በሰኔ ተጠናቅቆ፣ ገጠማው በክረምት ቢከናወን፣ መኪናው መስከረም ላይ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። ሞተሩ በጥቅምት ሜዳ ላይ እስኪቆም የጠበቀ ኮሚቴ ግን በጥድፊያ ይገዛል፤ በጥድፊያ የሚገዛ ደግሞ አይመርጥም።

ይህን ሁሉ የሚያስችለው በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ደብተር ነው። ሹፌሩ ዘይት የተለወጠበትን ኪሎ ሜትር፣ የተጨመረውን ውኃና ዘይት፣ የተቀዳውን ናፍጣ ይጻፍበት፤ ከኮሚቴው አንድ ሰው በየወሩ አይቶ ይፈርምበት። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ዘይት የሚጨመርለት ሞተር መታመሙን ከመቆሙ ከብዙ ወራት በፊት ይናገራል፤ የሚያነብለት ካገኘ። ሹፌሩንም እንስማው። ድምፁ መለወጡን፣ ጉልበቱ መቀነሱን ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ እርሱ ነውና፣ «ተው፣ ገና ነው» ተብሎ ዝም የሚባል ሹፌር ውሎ አድሮ መናገሩን ይተዋል።

የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች እኅቶች፤ ወደየመጣችሁበት ስትመለሱ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። በዚህ ሳምንት የአየር ቱቦው ውስጥ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ። በዚህ ወር ራዲያተሩና ቴርሞስታቱ ይታዩ። እስከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ድረስ በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ደብተር ይኑር። ከእናንተ መካከል ሞተር ለመቀየር ዛሬ የሚገደድ ይኖራል፤ እርሱም የሞተበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ። ምክንያቱ ካልተጻፈ ግዥው ይቆይ።

እግዚአብሔር አምላክ አገልግሎታችሁን ይባርክ፤ መንገዳችሁንም ያቅና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።